ዐፄ ዮሐንስ በዳኝነት ወንበር

በኢትዮጵያ በቀደመው ሥርዓት የመጀመሪያውን ዳኛ የሚመርጡት ተሟጋቾቹ ራሳቸው ነበሩ። ሁለት ሰዎች በገበያ ወይም በመንገድ በተጣሉ ጊዜ አንዱ የሌላውን ነጠላ ከራሱ ነጠላ ጫፍ ጋራ ቋጥሮ ይይዘውና፥ በዚያ የሚያልፈውን መንገደኛ አስቁመው እንዲፈርድላቸው ይለምኑታል። መንገደኛውም የማያውቃቸውን ሰዎች ነገር ትቶ ማለፍ እንደ ነውር ስለሚቈጠርበት፥ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ከሳሽንም ተከሳሽንም ይሰማል፤ ዋስ ያስጠራል፤ ውርርዳቸውን ይቀበላል፤ ዙሪያውን ከብቦ የቆመውን ሰው አሳብ ይጠይቃል፤ በመጨረሻም ይፈርዳል። ፍርዱን ያልወደደ ወደ ጭቃ ሹሙ፥ ከጭቃ ሹሙ ወደ መልከኛው፥ ከመልከኛው ወደ አገረ ገዢው፥ ከሁሉም በኋላ ወደ ንጉሡ ችሎት ይወጣል። እንግዲህ የታችኛው ዳኛ ሥልጣኑን ያገኘው ከሹመት ሳይሆን ሁለቱ ወገኖች ስለ ተቀበሉት ነው፤ የላይኛው ዳኛ፥ ይኸውም ንጉሡ፥ ተሟጋቾቹ ቢወዱትም ባይወዱትም ዳኛ ነው።

ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመነ መንግሥታቸውን ሁሉ በነዚህ በሁለት ዓይነት ዳኝነቶች መካከል ያሳለፉ ንጉሥ ናቸው። ስለ ጦርነታቸው ብዙ ተጽፏል፤ ጉንደትንና ጉራን፥ መተማንም የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን ታሪካቸውን በጥንቃቄ ለሚመረምር ሰው፥ ትልቁ ሥራቸውም ትልቁ ስሕተታቸውም በዚሁ በዳኝነት ወንበር ላይ ይገኛል። በሁለት ተሟጋቾች መካከል ሦስተኛ ሰው ሆነው በተቀመጡ ጊዜ ፍርዳቸው ጸና፤ ዳኛም ባለጕዳይም በሆኑ ጊዜ ግን ጕልበት እንጂ ፍርድ አልቀረላቸውም።

የፊተኛ ስማቸው ካሣ ነው፤ አባታቸው ሹም ተምቤን ምርጫ ይባላሉ። ስለ ዳኛ መመረጥ በሚነገር ታሪክ ውስጥ የአባትዬው ስም ምርጫ ሆኖ መገኘቱ ቀልድ ይመስላል እንጂ እውነት ነው። የተወለዱት በተምቤን ማይ በሃ በሚባል ስፍራ በ1829 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፥ እናታቸው ወይዘሮ ስላስ ድምፁ የእንደርታ ባላባት ወገን ነበሩ። መቀሌ በእንደርታ ውስጥ ያለች ስለ ሆነች፥ ኋላ የመንግሥታቸውን መቀመጫ በዚያ ማድረጋቸው ወደ እናታቸው አገር መመለሳቸው ነው።

በዚያ ዘመን የአንድ ወረዳ ሹም መሆን ግብር መሰብሰብና ጦር ማሰለፍ ብቻ አልነበረም። ሹም ማለት ዳኛ ማለት ነበር። ጧት በደጁ የሚሰበሰበው ሰው ሁሉ ስለ ርስት ወሰን፥ ስለ ተሰረቀ በሬ፥ ስለ ደም ዋጋ፥ ስለ ጋብቻና ስለ ፍቺ የሚጮኽ ነው። የሹም ልጅ ገና በልጅነቱ ከአባቱ ወንበር ኋላ ቆሞ የሚሰማው ይህንን ነው፤ ትምህርት ቤቱም ይኸው ነው። ካሣም ያደጉት በእንደዚህ ያለ ደጅ ነው።

በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የባላምባራስነት ማዕርግ ተሰጣቸው። ይህ ማዕርግ ከራስ ሚካኤል ስሑል ወገን ለሚወለድ ሰው ያነሰ ነበርና አላረካቸውም፤ ብዙ ሳይቈዩም ሸፈቱ። የዐፄ ቴዎድሮስ ኃይል እየደከመ በሄደ ቍጥር የእርሳቸው እየበረታ ሄዶ፥ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒር አዛዥነት ከዙላ ተነሥቶ ወደ መቅደላ ሲያልፍ የትግሬ ጌታ ሆነው ተገኙ። ጦሩ በአገራቸው እንዲያልፍና ስንቅ እንዲገዛ ፈቀዱለት፤ ናፒርም ሲመለስ መድፎችና ከስምንት መቶ በላይ ጠመንጃዎች ትተውላቸው ሄዱ። በዚህ ነገር የሚነቅፉአቸው አሉ። የሚነቅፉአቸው ሰዎች ግን በዚያ ዓመት ከሸዋ እስከ ላስታ ካሉት መኳንንት ማን ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋራ ቆሞ እንደ ነበረ መጠየቅ ይገባቸዋል።

ዐፄ ቴዎድሮስ በሞቱ ጊዜ ዙፋኑ ዋስም ዳኛም የሌለው ሙግት ሆነ። ዋግ ሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ፤ ምኒልክም በሸዋ ሆነው የንጉሠ ነገሥትነትን ስም ይዘው ነበር፤ ካሣም በትግሬ ነበሩ። እንዲህ ያለውን ሙግት ሊፈርድ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እርሱም ጳጳሱ ነው፤ አቡነ ሰላማ ግን ከዐፄ ቴዎድሮስ ሞት አስቀድሞ በመቅደላ ዐርፈው ነበር። ከሦስቱ መካከል ይህንን ነገር አስቀድመው ያስተዋሉት ካሣ ናቸው። ወደ እስክንድርያ ብዙ ገንዘብ ልከው አቡነ አትናቴዎስን አስመጡ። ከዚያ በኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ፥ የእኅታቸው የወይዘሮ ድንቅነሽ ባል፥ ከእርሳቸው ጦር እጅግ የሚበልጥ ሠራዊት ይዘው ወደ ትግሬ ዘመቱ፤ በሐምሌ 1863 ዓ.ም. በዓድዋ አጠገብ በአሳም ላይ በተደረገው ጦርነት ግን ተሸንፈው ተማረኩ። ካሣም በጥር 1864 ዓ.ም. በአክሱም ዮሐንስ ተብለው ተቀቡ። የተማረኩት አማች ከእስር ቤት ሳይወጡ ሞቱ። ያን ጊዜ በንጉሥነታቸው የፈረዱት የመጀመሪያው ታላቅ ፍርድ እንዲህ በራሳቸው ነገር የተፈረደ ነበር።

አዲሱ ንጉሥ ወዲያውኑ ከውጭ አገር ሙግት ገጠማቸው። በነገሡበት በ1864 ዓ.ም. በግብጽ መንግሥት አገልግሎት የነበረው የስዊስ ሰው ሙንሲንገር ከረንን ይዞ የቦጎስን አገር ለከዲቩ አደረገ። ዐፄ ዮሐንስ ወዲያው ጦር አላነሡም። እንግሊዛዊውን መኰንን ኪርካምን ደብዳቤ አስይዘው ወደ ለንደንና ወደ ሌሎች የአውሮፓ ነገሥታት ላኩ፤ የደብዳቤው ፍሬ ነገርም ክርስቲያን ነገሥታት በእርሳቸውና በከዲቩ መካከል ገብተው እንዲፈርዱ የሚለምን ነበር። በዛፍ ሥር መንገደኛ አስቁሞ ዳኝነት የሚጠይቅ ገበሬ የሚያደርገውን ነው ያደረጉት። መንገደኛው ግን አልቆመም። ነገሥታቱ በጎ ቃል ያለበት መልስ ላኩ፤ ከረንም በግብጽ እጅ እንዳለች ቀረች።

ከሦስት ዓመት በኋላ የግብጽ ጦር መረብን ለመሻገር በመጣ ጊዜ የሆነው የታወቀ ነው። በኅዳር 1868 ዓ.ም. በጉንደት በአሬንድሩፕ የሚመራው ጦር ተደመሰሰ፤ በዚያው ዓመት በክረምቱ ፊት በጉራ የበለጠው ሠራዊት፥ አሜሪካውያን መኰንኖች ጭምር ያሉበት፥ ድል ሆነ። ከድሉ በኋላ የሚያስደንቀው ድል አድራጊው ንጉሥ ምጽዋን ለመያዝ አለመሮጣቸው ነው። እንደገና መልእክተኛ ወደ ካይሮ ላኩ፤ እንደገናም ያለ ውጤት ቀረ። በ1872 ዓ.ም. መጀመሪያ ጎርዶን ፓሻ ከግብጽ ተልከው እስከ ደብረ ታቦር መጡ፤ ንጉሡ ቦጎስንና የባሕር በር ጠየቁ፤ ጎርዶን ደግሞ ይህን ለመስጠት ሥልጣን አልነበራቸውም፤ እንዲሁ ተለያዩ።

በአገር ውስጥ ግን በዚያው ዘመን ዳኝነታቸው የበለጠ ፍሬ ሰጠ። ዐፄ ቴዎድሮስ የአውራጃ ገዦችን ሁሉ ሰብረው በአንድ እጅ ሊገዙ ደክመው ነበር። ዐፄ ዮሐንስ ሌላ መንገድ መረጡ፤ ይኸውም ንጉሦች ከበታቻቸው እንዲኖሩ ፈቅደው፥ እርሳቸው የንጉሦቹ ዳኛ ሆነው መቀመጥ ነው። በመጋቢት 1870 ዓ.ም. ከሸዋ ጋራ ጦርነት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ካህናት በመካከል ገብተው በልቼ እርቅ ሆነ። ምኒልክ በአገሩ ልማድ ድንጋይ ተሸክመው ቀርበው የንጉሠ ነገሥትነትን ስም ተዉ፤ ዐፄ ዮሐንስም የሸዋ ንጉሥነታቸውን አጸደቁላቸው። በ1873 ዓ.ም. ደግሞ ራስ አዳል ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ሆኑ። እነዚህ ሁለት ንጉሦች በጠላትነት የሚተያዩ ስለ ነበሩ፥ ሦስተኛው ሰው ለሁለቱም አስፈላጊ ሆነ።

ከልቼ በኋላ ወዲያው በግንቦት 1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተደረገ። ስለ ክርስቶስ ልደት የሚከራከሩ ሊቃውንት ብዙ ዘመን አገሩን ከፍለው ነበርና፥ ንጉሡ በሊቀ መንበርነት ተቀምጠው የሁለቱን ወገን ክርክር አሰሙ፤ ከእስክንድርያ የመጣው ቃል ከተነበበ በኋላም ለተዋሕዶ ተፈረደ። እስከዚህ ድረስ ጉባኤው የሊቃውንት ችሎት ነው። ቀጥሎ የሆነው ግን ሌላ ነው። የወሎ እስላሞች ክርስትና እንዲነሡ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ፤ አባ ዋጠውም ኃይለ ማርያም ተባሉ፤ ሕዝቡ ግን ከባላባቶቹ ጋራ አልሄደም፤ ብዙው ተሰደደ፥ ሼህ ጦልሃን የመሳሰሉትም ሸፈቱ፤ ወሎ እስከ ዘመኑ መጨረሻ አልረጋም። እነዚህ ሰዎች ያልከሰሱትና ያልተከሰሱበት፥ ዋስ ያልጠሩበት ነገር ተፈረደባቸው። ሰውን በልቡ ላለው ነገር የሚያቀርብ ችሎት ምስክር ሊያገኝ አይችልም፤ ምስክር የሌለውን ፍርድ ደግሞ የሚያስፈጽም ጦር ብቻ ነው። በዚያ ዘመን አውሮፓም ከዚህ ገና ፈጽሞ ያልራቀ መሆኑ ነገሩን ያስረዳ ይሆናል፤ የወሎን ጉዳት ግን አያነሰውም።

ከዚህ ዘመን ጀምሮ የንጉሡ ችሎት ከድንኳን ወደ ቤት መግባት ጀመረ። እስከዚያ ድረስ የኢትዮጵያ ንጉሥ መቀመጫ ሰፈሩ ነበር፤ ባለጕዳይ ንጉሡን እየተከተለ አንድ ጊዜ ደብረ ታቦር፥ አንድ ጊዜ ዓድዋ፥ አንድ ጊዜ ወሎ ይሄዳል፤ ስንቁ ሲያልቅበትም ነገሩን ትቶ ይመለሳል። ዐፄ ዮሐንስ ከ1874 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በመቀሌ ላይ የድንጋይ ቤተ መንግሥት አሠሩ። ሠሪው በአገሩ ብዙ ዘመን የኖረው ኢጣልያዊው አናጢ ጃኮሞ ናሬቲ ነበር፤ የእጽዋት ሊቁ የሺምፐር ልጅም ረድቶታል። ዙፋኑንም የሠራው ይኸው ናሬቲ ነው። ቤቱ ፎቅ ያለውና በሩቅ የሚታይ ሲሆን፥ ኋላ በሃያኛው ምዕተ ዓመት ሙዚየም ሆነ።

መቀሌ የተመረጠችበት ምክንያት የእናት አገር መሆኗ ብቻ አይደለም። ከአፋር ቈላ በግመልና በበቅሎ የሚወጣው የጨው መንገድ በዚያ ያልፋል። አሞሌ ጨው በአገሩ ሁሉ እንደ ገንዘብ የሚሄድ ስለ ነበረ፥ የጨውን መንገድ የያዘ ሰው የገንዘብ ቤቱን ቍልፍ የያዘ ያህል ነው። ከዚያ ወደ ራያና ወደ ወሎ መውረድ፥ ወደ ሐማሴንም መውጣት ይቻላል። የሰኞ ገበያዋም ከዚህ የተነሣ እየሰፋ ሄደ። ገበያ በሰፋበት ስፍራ ሙግት እንደሚበዛ የታወቀ ነው፤ አሞሌው ተሰበረ፥ ሚዛኑ ጐደለ፥ በቅሎው አንካሳ ነው፥ ዕዳው አልተከፈለም የሚለው ሁሉ ወደ ዳኛ ይሄዳል። ዕዳውን መክፈል ያቃተው ሰው ከባለ ገንዘቡ ጋራ በአንድ ሰንሰለት ቍራኛ ሆኖ ሲሄድ ማየት በዚያ ዘመን እንግዳ ነገር አልነበረም።

በንጉሡ ችሎት የአፈራረዱ ሥርዓት ለዛሬ አንባቢ ሊነገር የሚገባው ነው። ከሳሽ ቆሞ ይናገራል፤ ተከሳሽ ይመልሳል፤ ሁለቱም በማር፥ በበቅሎ፥ በፈረስ ይወራረዳሉ፤ የተረታው ውርርዱን ይከፍላል። በዙሪያው የተቀመጡት መኳንንትና ሊቃውንት ከታናሹ ጀምረው አሳባቸውን ይሰጣሉ፤ ታናሹ የታላቁን አሳብ ሰምቶ ፈርቶ እንዳይከተል የተደረገ ብልሃት ነው። ከባድ ነገር ሲሆን ፍትሐ ነገሥት ይነበባል። ከሁሉም በኋላ ንጉሡ ይፈርዳሉ። ነፍስ የገደለ እንደ ሆነ ለሟቹ ዘመዶች ይሰጣል፤ ዘመዶቹ ይገድሉታል ወይም የደም ዋጋ ተቀብለው ይምሩታል። ዐፄ ዮሐንስ ሚስታቸው ከሞቱባቸው በኋላ ሌላ ሳያገቡ እንደ መነኵሴ የኖሩ፥ በጾምና በጸሎት የጸኑ ሰው ነበሩ፤ ይህ ጠባያቸው በፍርዳቸው ላይ በሁለት መንገድ ታየ። በአንድ ወገን ጉቦና አድልዎ የማይደፍራቸው ዳኛ አደረጋቸው፤ በሌላ ወገን ራሳቸው የተዉትን ነገር ሁሉ ሕዝቡም እንዲተወው አስፈለጋቸው። ትንባሆ የሚያጤስና የሚያሸት ሰው በከባድ የአካል ቅጣት እንዲቀጣ ማዘዛቸው ከዚህ የመጣ ነው።

ከፍርዶቻቸው ሁሉ የተሻለው የተፈረደው ቤተ መንግሥታቸው በሚሠራበት ጊዜ በ1874 ዓ.ም. ነው። ንጉሥ ምኒልክና ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከዐባይ ወዲያ ስላለው አገር ተጣልተው በእምባቦ ላይ ተዋጉ፤ ተክለ ሃይማኖትም ቈስለው ተማረኩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር መሸሸግ አይገባም። ለተክለ ሃይማኖት የከፋን ንጉሥነት ስም የሰጡት ራሳቸው ዐፄ ዮሐንስ ነበሩ፤ ምኒልክ ደግሞ ወደዚያው አገር እየሰፉ ነበር፤ ስለዚህ የጠቡን ፍሬ የዘሩት ዳኛው ናቸው። ይሁን እንጂ ፍርዱን አላዛቡትም። ጦራቸውን ይዘው ወደ ወሎ ወርደው ሁለቱንም ጠሩ። ምኒልክ የማረኩትን ንጉሥና የማረኩትን ጠመንጃ እንዲያስረክቡ አደረጉ፤ ወሎንም ወሰዱባቸውና ለልጃቸው ለራስ አርአያ ሥላሴ ሰጡት። የተሸነፉትም ሳይቀጡ አልቀሩም፤ ተክለ ሃይማኖት አገው ምድርን አጡ። ያለ ፈቃድ የተዋጋ ሁሉ፥ ያሸነፈም የተሸነፈም፥ ከጦርነቱ ትርፍ እንዳያገኝ ሆነ። በ1875 ዓ.ም. ደግሞ አርአያ ሥላሴ የምኒልክን ልጅ ዘውዲቱን አገቡ፤ ጋብቻው እንደ ዋስ የሚቈጠር ነበር። ወሎ ለዳኛው ልጅ መሰጠቷ ከዚህ ፍርድ ውስጥ የሚያጠራጥረው ቍራጭ ነው፤ በምኒልክ ልብ የቀረው ቅሬታም ይኸው ሳይሆን አልቀረም። በቀረው ግን ሸዋና ጎጃም ከዚያ ቀን ወዲህ በዐፄ ዮሐንስ ዘመን እርስ በርሳቸው አልተዋጉም።

በውጭ ሙግት በዚህ ዓይነት የሚፈርድ ሦስተኛ ሰው መፈለጋቸውን አልተዉም ነበርና፥ በ1876 ዓ.ም. ያገኙት መሰላቸው። በሱዳን መሐዲ ተነሥቶ የግብጽን ወታደሮች በየምሽጉ ከብቦ ስለ ነበረ፥ ግብጽን የያዙት እንግሊዞች የዐፄ ዮሐንስ ርዳታ አስፈለጋቸው። አድሚራል ሂዊት ወደ ዓድዋ መጥተው በግንቦት ወር ውል ተፈረመ። የቦጎስ አገር እንዲመለስ፥ በምጽዋ በኩል የጦር መሣሪያ ጭምር ያለ ቀረጥ በእንግሊዝ ጠባቂነት እንዲያልፍ፥ ንጉሡም የተከበቡት የግብጽ ወታደሮች በአገራቸው በኩል እንዲወጡ እንዲረዱ ተስማሙ። ከውሉ አንቀጾች አንዱ ብዙ ጊዜ ሳይነሣ የሚታለፍ ነው። ከዚያ ወዲያ በንጉሠ ነገሥቱና በከዲቩ መካከል ጠብ ቢነሣ ነገሩ ለእንግሊዝ ንግሥት ቀርቦ እንዲፈረድ ይላል። በ1864 ዓ.ም. በኪርካም እጅ የለመኑት ዳኛ በ12 ዓመቱ በጽሑፍ ተሰጣቸው ማለት ነው።

ዐፄ ዮሐንስ የበኩላቸውን ፈጸሙ፤ ራስ አሉላም ወታደሮቹን ለማውጣት ደከሙ፤ በመስከረም 1878 ዓ.ም. በኩፊት ከደርቡሽ ጋራ ተዋግተው ብዙ ሰው አልቆባቸው አሸነፉ። ነገር ግን ዳኛዪቱ ከውሉ ስምንት ወር ያህል በኋላ በጥር 1877 ዓ.ም. መጨረሻ ኢጣልያኖች ምጽዋን ሲይዙ ፈቅደው ነበር። ውሉ ስለ ከዲቩ እንጂ ስለ ኢጣልያ አይናገርም፤ ተሟጋቹ ተለውጦ ዳኛው ቀረ። ኢጣልያኖች ከምጽዋ ወደ ሰሐጢ በወጡ ጊዜ ራስ አሉላ በጥር 1879 ዓ.ም. በዶጋሊ አምስት መቶ ያህሉን ደመሰሱ። በኅዳር 1880 ዓ.ም. ጌራልድ ፖርታል ከእንግሊዝ ተልከው ንጉሡን በአሸንጌ ሐይቅ አጠገብ አገኙአቸው። የመጡት ለማስታረቅ ተብሎ ነው፤ የያዙት ቃል ግን ስለ ዶጋሊ ይቅርታ እንዲጠየቅና ሰሐጢ ለኢጣልያ እንዲለቀቅ የሚል ነበር። ዳኛ ተብሎ የተመረጠው መንግሥት የባላጋራ ጠበቃ ሆኖ ቀረበ። ንጉሡም አልተቀበሉም።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ፈጣንና አሳዛኝ ነው። በመጋቢት 1880 ዓ.ም. ታላቅ ሠራዊት ይዘው ወደ ሰሐጢ ወረዱ፤ ኢጣልያኖች ከምሽጋቸው አልወጡም፤ ረኃብና በሽታ ሠራዊቱን ስለ ጎዳው ተመለሱ። አስቀድሞ በጥር ወር ደርቡሽ በአቡ ዓንጃ መሪነት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን በሳር ውሃ ድል አድርጎ ጎንደርን አቃጥሎ ነበር። ተክለ ሃይማኖት ባለቀሰው አገራቸው መካከል ተቀምጠው፥ በመከራቸው ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ እንዳልደረሱላቸው ቈጠሩ። በሰኔ 1880 ዓ.ም. ራስ አርአያ ሥላሴ በመቀሌ ሞቱ፤ ከሸዋ ጋራ የነበረው የጋብቻ ዋስትናም አብሮ ሞተ። ወዲያው ምኒልክና ተክለ ሃይማኖት፥ በእምባቦ የተዋጉትና በዐፄ ዮሐንስ ፍርድ የታረቁት ሁለቱ ንጉሦች፥ በዳኛቸው ላይ ተማከሩ።

ይህን ባወቁ ጊዜ የዳኝነታቸው ሥርዓት ፈረሰ። ስድስት ዓመት አስቀድሞ ስለ እምባቦ ጦርነት ሁለቱንም ጠርተው፥ ሁለቱንም ሰምተው፥ ለሁለቱም ልክ ልካቸውን ሰጥተው ነበር። አሁን ከሳሹም ዳኛውም ፍርድ አስፈጻሚውም እርሳቸው ሆኑ። በ1881 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐባይን ተሻግረው ጎጃምን በጦር መቱት፤ ንጉሡ በአምባ ላይ ሲጠጉ ቤቱና እህሉ የተቃጠለበት ገበሬው ነበር። ገበሬው በምኒልክና በተክለ ሃይማኖት ምክር ውስጥ ድርሻ አልነበረውም። በዚያው ዓመት የከብት በሽታ በአገሩ እየተዛመተ ስለ ነበረ፥ ሕዝቡ ክፉ ቀን ብሎ የሚያስታውሰው ረኃብ ወታደር በረገጠው አገር ላይ ከሌላው ይልቅ ከበደ። ለዐፄ ዮሐንስ ታሪክ የሚቈረቈር ሰው ብዙ ምክንያት ሊያቀርብላቸው ይችላል፤ ከሦስት ወገን ተከብበው ነበር፤ የከዱአቸውም ራሳቸው ያነገሡአቸው ነበሩ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሆኖም የጎጃም ገበሬ በዚያ ችሎት አልተጠራም፥ አልተሰማምም።

ቀጥሎ ወደ ሸዋ መሄድ ይችሉ ነበር፤ ብዙ ሰውም ይህንኑ ይጠብቅ ነበር። ንጉሡ ግን ከምኒልክ ጋራ ያለውን ሙግት ትተው ወደ መተማ ዞሩ። በመጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ጦርነቱ ሊያልቅ የደርቡሽ ምሽግም ሊሰበር ጥቂት ሲቀረው ቈሰሉ፤ ሠራዊቱም ይህን በሰማ ጊዜ ተፈታ።

በሞት አልጋ ላይ ሳሉ የመጨረሻውን ፍርድ ሰጡ። እስከዚያ ቀን የወንድማቸው የጉግሣ ልጅ ተብለው የሚታወቁትን መንገሻን የራሳቸው ልጅ መሆናቸውን ገልጸው ወራሽ አደረጉአቸው፤ ራስ አሉላንና በዙሪያቸው የነበሩትን መኳንንትም ይህን ፍርድ እንዲጠብቁ አደራ አሉ። ነገሩ የርስት ነገር ነው፤ ዳኛው አባት፥ ተጠቃሚው ልጅ፥ ምስክሮቹም በሽንፈት ላይ ያሉ የአንድ ወገን ሰዎች ነበሩ። ሌላው ወገን በዚያ አልነበረም። በማግስቱ ዐረፉ፤ አስከሬናቸውን ወደ አገራቸው የሚወስዱት ሰዎች በመንገድ ላይ ደርቡሽ ደረሰባቸው፤ የንጉሡም ራስ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። ዜናው ሸዋ በደረሰ ጊዜ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥትነታቸውን አወጁ።

ራስ መንገሻ የአባታቸውን ቃል ይዘው አንድ ዓመት ያህል በትግሬ ቈዩ። በ1882 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ጦራቸውን ይዘው ወደ ሰሜን ወጥተው መቀሌ ገቡ። በዚያ ሰሞን መንገሻ ቀርበው ገቡላቸው፤ ናሬቲ ለአባታቸው የሠራው ዙፋን በቤተ መንግሥቱ ውስጥ እንዳለ፥ ከመተማ የተላለፈው የርስት ሙግት በመቀሌ ተዘጋ።